ስለ ጓሮ ዝንቦች መለየትና መመዝገብ

በወረታ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ ልናገርበት የመረጥሁት ነገር እጅግ ታናሽ ነው፤ ስለ ዝንብ ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ፦ «ስለ ሕግና ስለ እርሻ መናገር ሲገባ ስለ ዝንብ መናገር ምን ይባላል?» የሚል ይኖር ይሆናል። አባቶቻችንም «ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» ብለው የዝንብን አቅም ንቀዋል። ነገር ግን ጋን መክፈት የተሳነው ዝንብ የሕፃናትን ዓይን ሲያሳውር፣ የማንጎን ፍሬ ከውስጡ ሲያበሰብስ፣ የሩዝን አገዳ ሲያደርቅ እናያለን። ደግሞም ከዝንብ ወገን ሆኖ ሳለ ያለ ደመወዝ ገበሬውን የሚያገለግል፣ ከጎመኑ ላይ ክሽክሽን የሚለቅም፣ ከአበባ ወደ አበባ እየዞረ የሚያዳቅል አለ። ጠላትና ወዳጅ በአንድ ስም ተጠርተው ሲኖሩ ዳኛ በቅን ሊፈርድ አይችልም። ስለዚህ የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ሁሉንም በጅምላ ዝንብ ማለትን ትተን፣ እያንዳንዱን በመልኩና በሥራው ለይተን፣ ያየንበትን ቀንና ስፍራ በመዝገብ እንጻፍ።

የፎገራ ሰው መለየትና ስም ማውጣት የማያውቅ ሆኖ አይደለም። ላሙን በመልኩ ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ወይኖ እያለ ይጠራል፤ ጤፉን ነጭ፣ ቀይ፣ ሠርገኛ ብሎ ይለያል፤ ሩዝም በደርግ ዘመን ወደዚህ ሜዳ ከገባ ወዲህ ዘሩን በየስሙ አውቆ ይዘራል። የርብና የጉማራ ወንዝ በክረምት መቼ እንደሚሞላ፣ ውኃውም ከሜዳው መቼ እንደሚሸሽ ጠንቅቆ ያውቃል። እንዲህ ያለ አስተዋይ ሕዝብ ዝንብን ሳይለይ የቀረው ስለ ናቀው ነው እንጂ አእምሮ አጥቶ አይደለም። አዳም ለፍጥረት ሁሉ ስም እንዳወጣ በመጽሐፍ የምናነብ ሰዎች፣ በየጓሮአችን ያለውን ፍጥረት ሳናውቀው ብንቀር የአባታችንን ሥራ ትተናል ማለት ነው።

አስቀድሞ ዝንብ ማለት ምን እንደሆነ እንወቅ። ንብ፣ ተርብና ቢራቢሮ አራት አራት ክንፍ አሏቸው። ዝንብ ግን ክንፉ ሁለት ብቻ ነው። በኋለኞቹ ክንፎች ፋንታ በግራና በቀኝ ጫፋቸው ድቡልቡል የሆነ ሁለት ትናንሽ ዘንጎች አሉት፤ በሚበርበትም ጊዜ ሚዛኑን የሚጠብቁለት እነዚህ ናቸው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ከ2,300 ዓመት በፊት ሁለት ክንፍ ያላቸውን ከሌሎቹ ለይቶ ጽፏል። የዛሬዎቹም ሊቃውንት ይህን ወገን ዲፕቴራ ይሉታል፤ በግሪክ ቋንቋ ሁለት ክንፍ ማለት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ወባን የምታመጣው ቢምቢም ከዚሁ ወገን ትቈጠራለች። ስለዚህ ተማሪ የመጀመሪያ ጥያቄው «ክንፉ ስንት ነው?» የሚል ይሁን።

የዝንብ ዕድሜ በአራት ይከፈላል። መጀመሪያ እንቁላል ነው፤ ሁለተኛ ትል ነው፤ ሦስተኛ በቅርፊት ተሸፍኖ የሚተኛበት ጊዜ ነው፤ አራተኛ ክንፍ አውጥቶ የሚበርበት ነው። ቀድሞ በብዙ አገር ሰዎች ትል ከበሰበሰ ሥጋ እንዲያው ይፈጠራል ብለው ያምኑ ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም ፍራንቸስኮ ሬዲ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1668 በጻፈው መጽሐፍ ሐሰት መሆኑን አስረዳ። ከዕቃ ውስጥ ሥጋ አኖረ፤ አንዳንዱን ክፍት ተወው፣ አንዳንዱን በስስ ጨርቅ ሸፈነው። ዝንብ በገባበት ሥጋ ላይ ትል ተገኘ፤ በተሸፈነው ላይ ግን አልተገኘም። ይህን ፈተና ማናቸውም የገጠር ትምህርት ቤት በሁለት ጠርሙስና በአንድ ቁራጭ ሻሽ ሊያደርገው ይችላል። ተማሪው በዓይኑ ካየው በኋላ ምግብ ክደኑ ቢሉት ምክንያቱን አውቆ ይታዘዛል።

እንግዲህ ወደ ጓሮአችን እንግባ። ቤታችን የሚገባው የቤት ዝንብ ይቀድማል። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔ በ1758 ሙስካ ዶሜስቲካ ብሎ ሰይሞታል። በጀርባው ላይ ከአንገቱ ወደ ኋላ የወረዱ አራት ጥቁር መስመሮች ይታዩበታል። የሚራባው በፍግና በበሰበሰ ጥራጊ ውስጥ ነው፤ ሙቀት ባገኘ ጊዜም ከእንቁላል ተነሥቶ ለመብረር 10 ቀን ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ ፍጉና ጥራጊው በየሳምንቱ ከደጅ ተነሥቶ ቢርቅና ቢቀበር፣ ትሉ ክንፍ ሳያወጣ ይጠፋል።

ሁለተኛው የዓይን ዝንብ ነው፤ ሊቃውንት ሙስካ ሶርቤንስ ይሉታል። ከቤት ዝንብ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። ነገር ግን የዚህኛው ጀርባ አራት መስመር የለበትም፤ ሁለት ሰፋፊ ጥቁር መስመሮች ናቸው ያሉበት። ጠባዩም ልዩ ነው፤ ከወጥና ከእንጀራ ይልቅ የሕፃን ዓይንና አፍንጫ ላይ ማረፍ ይወዳል። ትራኮማ የሚባለውን የዓይን ማዝ ከአንዱ ሕፃን ዓይን ወስዶ ወደ ሌላው ያደርሳል። ትራኮማም ቈይቶ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ እየመለሰ ዓይንን ያሳውራል፤ የአማራ ክልል በኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ደዌ እጅግ ከበረታባቸው አገሮች አንዱ እንደሆነ የታወቀ ነው። የዚህ ዝንብ ዋና መራቢያው በሜዳ ላይ የተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። በመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ግን እንደዚያ አይመቸውም። በጋምቢያ አገር ተመራማሪዎች ይህን ፈትነው በ2004 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጡት ጽሑፍ፣ መጸዳጃ በተሠራባቸው መንደሮች ከሕፃናት ዓይን ላይ የሚያዙት የዓይን ዝንቦች በ30 ከመቶ፣ መርዝ በተረጨባቸው ደግሞ በ88 ከመቶ እንደ ቀነሱ ገልጸዋል። መርዝ ግን ሲያቆሙት ዝንቡ ይመለሳል፤ ጉድጓድ ግን ተቈፍሮ ይኖራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሁለት መስመርን ከአራት መስመር መለየት የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም። ከሕፃናት ፊት የሚታየው የትኛው ዝንብ እንደሆነ የተጻፈበት መንደር፣ ፍጉን ያርቅ ወይስ መጸዳጃውን ያስቀድም ብሎ ሲማከር ማስረጃ በእጁ አለ።

ሦስተኛው እንደ አረንጓዴና እንደ ሰማያዊ ብረት የሚያብለጨልጨው የጥምብ ዝንብ ነው። እርሱ እንቁላሉን በሞተ እንስሳና በሥጋ ላይ ይጥላል። ያስጸይፋል፤ ቢሆንም ጥምብ ቶሎ ጠፍቶ ወደ አፈር እንዲመለስ የሚያደርገው የእርሱ ትል ነው።

አራተኛው ከሁሉ ይልቅ ልትወዱት የሚገባችሁ ነው። መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ ኑግ አብቦ ሜዳው ቢጫ ሲሆን፣ በአበባው ፊት በአየር ላይ ተንሳፎ አንድ ስፍራ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ቢጫና ጥቁር ቀለበት ያለው ትንሽ ፍጥረት ታያላችሁ። ልጆች ተርብ መስሏቸው ይሸሹታል። ክንፉ ግን ሁለት ነው፤ መናደፊያም የለውም። የተርብን ልብስ የለበሰው ወፎች እንዲፈሩት ነው። ከዚህ ወገን የብዙዎቹ ትል በጎመን፣ በአተርና በባቄላ ላይ የሚሰፍረውን ክሽክሽ እየለቀመ ይበላል። ገበሬው ክሽክሹን ለማጥፋት በቸኰለ ጊዜ የሚረጨው መርዝ ክሽክሹንም ይህንንም ዝንብ፣ ንቡንም ጭምር ይገድላል። ክሽክሽ ፈጥኖ ይራባል፤ ጠባቂው ግን ዘግይቶ ይመለሳል። ስለዚህ መርዝ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ቅጠሉን ገልብጦ፣ በክሽክሹ መካከል እግር የሌለው ጠፍጣፋ ትል መኖሩን ይመልከት።

አምስተኛው ንብ የሚመስለው፣ ኤሪስታሊስ የሚባለው ነው። ትሉ በቆሸሸ ውኃ ውስጥ ይኖራል፤ ረጅም ጅራት የሚመስል መተንፈሻ አለው። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ መለየት የተማረ ሰው ይህን ቢያይ ደስ ይለዋል፤ ሰሙ ንብ ነው፣ ወርቁ ግን ዝንብ ነው። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ንብ ከሞተ በሬ ሬሳ ትወለዳለች ብለው ይጽፉ ነበር። ኦስተን ሳከን የሚባል በዲፕሎማትነት ያገለገለ የሩስያ መኰንን ዝንቦችን በትርፍ ጊዜው እየመረመረ፣ በ1894 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው ጽሑፍ የጥንት ሰዎች ያዩት ንብን ሳይሆን ይህን ዝንብ ነው ሲል አስረዳ። ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት የተሳሳቱት ክንፍ ባለመቍጠራቸው እንደሆነ አስተውሉ።

ስድስተኛው የፍራፍሬ ዝንብ ነው። እናቲቱ የማንጎንና የዘይቱንን ልጣጭ ወግታ እንቁላሏን ከውስጥ ታኖራለች፤ ፍሬውም ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ትል ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ የሚባለው ከእስያ የመጣ ነው። በአፍሪካ ምድር መጀመሪያ የታወቀው በ2003 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኬንያ ነው፤ ከዚያም ፈጥኖ ወደ ብዙ አገሮች፣ ወደ ኢትዮጵያም ደረሰ። በ2005 አዲስ ዓይነት ነው ተብሎ ሌላ ስም ወጣለት፤ በ2015 ግን ናሙናዎች ተነጻጽረው ከእስያው ጋር አንድ መሆኑ ተረጋገጠ። የተማሩ ሰዎች እንኳ ስሙን ለማጥራት 10 ዓመት ከፈጀባቸው፣ እኛ ያላወቅነውን አናውቀውም ብለን ብንጽፍ የሚያሳፍር አይደለም። እነርሱም ስሙን ማረም የቻሉት ናሙናው ከቀኑና ከስፍራው ጋር ተጠብቆ ስለ ቈየላቸው ነው።

ሰባተኛውን ከጓሮ ወጥተን ከሩዙ ዳር እንፈልገው። ዲዮፕሲስ የሚባለው ነው፤ ዓይኖቹ እንደ ቀንድ በወጡ ሁለት ዘንጎች ጫፍ ላይ ተተክለዋል፤ አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም። በአፍሪካ የሩዝ እርሻዎች የታወቀ ነው። ትሉ ከሩዙ አገዳ ገብቶ ውስጡን ሲበላ መካከለኛው ቅጠል ብቻውን ይደርቃል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ መምህር ዝንቡንም የደረቀውንም አገዳ ይዞ በዚሁ በወረታ ላለው ለብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቢያሳይ፣ የሚያስተውለው ባለሞያ በአጠገቡ አለ።

አሁን ስለ መዝገብ ልናገር። እኔ በጽሕፈት ሥራ የምኖር ሰው ነኝ፤ ቀንና ስም የሌለው ማመልከቻ ምንም እውነት ቢሆን ከመዝገብ እንደማይገባ አውቃለሁ። የዝንብም ነገር እንደዚሁ ነው። «በአንድ ወቅት ብዙ ዝንብ አየሁ» ማለት ወሬ ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም። በመዝገቡ ላይ ስምንት ነገር ይጻፍ፤ ተራ ቍጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ ስፍራ፣ የተቀመጠበት ተክል ወይም ነገር፣ ሲሠራ የታየው ሥራ፣ የመልኩ ምልክት፣ ብዛቱ፣ ያየው ሰው ስም። ዘጠነኛው የዝንቡ ስም ነው፤ እርሱ ግን ባይታወቅ ስፍራው ባዶ ይተው። ባዶ ስፍራ ነገ ይሞላል፤ በግምት የተጻፈ ስም ግን የሚያነበውን ሁሉ ያሳስታል።

ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦ «ቍጥር 14። ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፤ ፀሐይ፣ ነፋስ የለም። ወረታ፤ የትምህርት ቤቱ ጓሮ፤ በኑግ አበባ ላይ። በአየር ላይ ቆሞ ከአበባው ቀሰመ። ሁለት ክንፍ፤ በሆዱ ላይ ቢጫና ጥቁር ቀለበት። ብዛቱ 6።» ከዚህም ጋር የአውሮፓውን ቀን ማለት ኦክቶበር 19 ቀን 2024ን በጠርዙ ጻፉ። ዘመናችን ከእነርሱ በ7 ወይም በ8 ዓመት፣ ሰዓታችንም በ6 ሰዓት ስለሚለይ፣ መዝገቡ ወደ ሌላ አገር ሊቅ በሄደ ጊዜ እንዳይሳሳት ነው።

ብዛቱን ለማወቅ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ስፍራ 15 ደቂቃ ተቀምጦ መቍጠር ይበቃል። ምንም ያልታየ እንደሆነ «0» ብሎ መጻፍ ግዴታ ነው። ያልተጻፈ ሳምንት ዝንብ ስላልነበረ ይሁን ጸሐፊው ስላልመጣ ይሁን አይታወቅምና። በጥቅምትና በሚያዝያ የተጻፈው ጎን ለጎን ሲነበብ፣ የትኛው ዝንብ ከክረምቱ ውኃ ጋር፣ የትኛው ከበጋው የመስኖ ሽንኵርት ጋር እንደሚመጣ ይገለጣል።

መሣሪያው ብዙ ወጪ የለውም፤ ደብተር፣ እርሳስ፣ አፉ ሰፊ ጠርሙስ፣ ቢገኝ አንድ የእጅ ማጉያ መነጽር። ስልክ ያለው መምህር ዝንቡን ከላይ፣ ከጎንና ከፊቱ ሦስት ጊዜ ፎቶግራፍ ያንሣው፤ የክንፉ ጅማትና የጀርባው መስመር ይታይ። ለናሙና የሚቀመጠው በ70 ከመቶ አልኮል ውስጥ ይደረግ፤ የወረቀት ምልክቱ በእርሳስ ተጽፎ ከውስጡ ይግባ፤ ቀለም በአልኮል ይለቃልና። አልኮሉ ከእሳትና ከልጆች ይራቅ። ትሉ ምን ዝንብ እንደሚሆን ለማወቅ ከበላው ቅጠል ጋር በጠርሙስ አድርጎ፣ አፉን በሻሽ አስሮ እስኪበር መጠበቅ ነው። ተማሪዎች ግን ከመጸዳጃና ከዓይነ ምድር ዝንብ አይያዙ፤ ከታመመ ሕፃን ዓይንም አይልቀሙ። በዚያ ስፍራ በዓይን አይቶ መጻፍ ይበቃል። ሥራው ሲያበቃ ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ የአገራችንን ታሪክ ላንሣ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1770 ወደ ጎንደር መጥቶ፣ በ1790 ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። በዚያም መጽሐፍ ከብትን የሚያሳድድ አንድ ክፉ ዝንብ በሥዕል ጭምር ገለጸ፤ ስሙንም «ዝምብ» ብሎ ጻፈ። ነገር ግን ይህ ቃል በአማርኛ ለወገኑ ሁሉ የሚነገር ስም ነው። ስለዚህ ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት አንዱ የገንዲ ዝንብ ነው፣ ሌላው ፈረስን የሚነክስ ትልቅ ዝንብ ነው እያሉ ተከራከሩ። ትልቅ መንገደኛ የጻፈው ነገር እንኳ የጅምላ ስም ስለ ተሰጠው ለክርክር ተዳረገ።

በአንጻሩ የዮሐን ቪልሄልም ማይገንን ነገር ስሙ። በጀርመን አገር በ1764 ተወልዶ በ1845 ያረፈ ሰው ነው። ባለጸጋ አልነበረም፤ ልጆችን እያስተማረ፣ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን እየመታ፣ ኋላም በጸሐፊነት እያገለገለ ኖረ። በትርፍ ጊዜው ግን የዝንብን ክንፍ በማጉያ እየተመለከተ፣ ጅማቱን እየሣለ፣ ከ1818 እስከ 1838 ድረስ ስለ አውሮፓ ዝንቦች ሰባት ክፍል መጽሐፍ አወጣ። እርሱ ያወጣቸው ብዙ ስሞች ዛሬም በዓለም ይሠራባቸዋል። እንግዲህ ለዚህ ሥራ መምህር መሆን እንቅፋት አይደለም፤ ጸሐፊ መሆንም እንደዚሁ። የሚያስፈልገው ትዕግሥትና እውነተኛ እጅ ነው።

ክቡራን ሆይ፤ ሥራው ለሁላችሁ የተከፈለ ነው። ሽማግሎች የቀድሞውን ታውቃላችሁ፤ ሩዝ ሳይገባ ሜዳው ምን ይመስል እንደ ነበረ፣ የትኛው ዝንብ ድሮ እንዳልነበረ፣ በየመንደሩ ለዝንብ የተለየ ስም ቢኖር ምን እንደሚባል ንገሩ። መምህራን ደግሞ ከነተናጋሪው ስም ጻፉት። በየትምህርት ቤቱ አንድ መዝገብ ይከፈት፤ መምህሩ ቢዛወር እንኳ መዝገቡ የትምህርት ቤቱ ሆኖ ይቅር። ያልታወቀው ናሙና ተሰብስቦ ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ወዳለው የዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ይላክ።

መዝገቡ ሲከፈት በመጀመሪያው ገጽ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጻፍ፤ «በልጆቻችን ፊት ላይ የሚያርፈው ዝንብ በጀርባው ስንት መስመር አለው?» የሚል። የዚህን መልስ በቀንና በስፍራ ጽፎ ለቀበሌው ጤና ሠራተኛ ያስረከበ ትምህርት ቤት፣ ከአንድ ሕፃን ዓይን ላይ ብርሃን እንዳይጠፋ የበኩሉን አድርጓል። እግዚአብሔር የሚያስተውል ዓይንና የማይሰለች እጅ ይስጠን።